የጄላቲኗ «ተ»

ዓምሃ «የፋቂ ልጅ» ብሎ የሰደበኝ አምና፣ በዳግማይ ትንሣኤ ማግስት፣ ኦስሎ ውስጥ ትቬይታ በሚባል ሰፈር፣ የገበያ ማዕከሉ በር ላይ ነው። እህቱን ተናኜን ላግባት ብዬ ሽማግሌ በላክሁ በሳምንቱ። ሰው ኦስሎ ድረስ ሲመጣ ይህን እንኳ አገሩ ጥሎት የሚመጣ መስሎኝ ነበር። ተናኜ አጠገቡ ቆማ አንገቷን ደፋች እንጂ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ያቺን የተደፋች አንገት ነው እስከ ዛሬ የምናፍቃት።

አባቴ ቆዳ ፋቂ ነበር፣ አልክድም። የቆዳ ቁርጥራጭ ቀቅሎ ለአናጢዎች ሙጫ ያወጣ ነበር። ያንን ሽታ ከልጅነቴ ወዲህ ያገኘሁት እዚህ፣ በማጸዳው ላብራቶሪ ውስጥ ነው። ማርያ የምትባል ተመራማሪ ጄላቲን እያሞቀች በፕሪንተር የሰው ጆሮ ታትማለች፤ ስስ ክር በክር ላይ እየተደረበ።

«ከምንድን ነው?» አልኳት።

«ከከብት ቆዳና አጥንት።»

መወልወያዬን ግድግዳው ላይ አስደገፍኩ። ከዚያ፣ «አንድ ፊደል ታትሚልኛለሽ?» አልኳት። የተሰደብኩበት ቆዳ ስሟን ሲጽፍ ተናኜ እንድታይልኝ ፈለግሁ።

የተናኜን «ተ» ወረቀት ላይ ጽፌ አሳየኋትና አተመችልኝ። ማር የመሰለች፣ ሲነኳት የምትንቀጠቀጥ።

«ማጠንከሪያ አልገባባትም» አለችኝ። «ብርድ ላይ ትቆማለች፤ የሰውነት ሙቀት ግን ያቀልጣታል። በውጪ ኪስህ ያዛት።»

«ያ፣ ያ» ብዬ በኖርዌይኛ እሺ አልኳትና ወጣሁ። ውጪው በረዶ ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ የሚሳሱለት ነገር በውጪ ኪስ አይያዝም። በጨርቅ ጠቅልዬ ጉያዬ ውስጥ ሸጎጥኳትና በባቡር ትቬይታ ሄድኩ።

ተናኜ ስደውልላት እሺ ብላኝ ስለነበር ጣቢያው ደጅ ቆማ ጠበቀችኝ። ዓምሃም ከጎኗ አለ።

«ሳህሌ፣ ምን ይዘህልኝ መጣህ?» አለች። ስሜን ከጠራችው ዓመት ሆኗታል።

እጄን ወደ ጉያዬ ሰደድኩ። ጨርቁ ርሷል፤ ሸሚዜ ደረቴ ላይ ተለጥፏል። ጣቶቼን ሳወጣ ሽታው አብሮ ወጣ።

ዓምሃ አፍንጫውን ያዘ። «አላልኩሽም? ኦስሎ መጥቶም ቆዳ ቆዳ ነው የሚሸተው!»

«ዝም በል አንተ!» አለችው። አምና ያልወጣት ቃል። ከዚያ ጠጋ ብላ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ንገረኝ፣ ምን ነበር?» አለችኝ።

የስሟ መጀመሪያ ነበር። አሁን መዳፌ ላይ ያለው ግን በብርዱ መልሶ እየረጋ ያለ፣ ቅርጽ የሌለው ሙጫ ነው። ይህን ባሳያት የዓምሃን ስድብ ማጽደቅ ነው፤ ጨበጥኩትና ወደ ባቡሩ ሄድኩ።