ጀልባ ባሕር ላይ ሳለ የማይጠራው መንቀጥቀጥ

ደብሊን ያለው የቃላት ኮሚቴ ሙርንን ወደ ደሴቲቱ የላካት አሥራ አራት ካርድ አስይዞ ነው። በየካርዱ ላይ ሐኪሞችና የመሬት አጥኚዎች የሚያውቁት አንድ ዓይነት መንቀጥቀጥ ተጽፏል፤ የእሷ ሥራ በአይሪሽ ቋንቋ ያለውን ስሙን ከባለቋንቋዎቹ አፍ መልቀም ነው። የደሴቲቱ አሮጊት እማማ ባርብረ ቤታቸው ውስጥ ድንች እየላጡ አሥራ ሦስቱን ዘረገፉላት፤ የሽማግሌ እጅ መንቀጥቀጥ፣ የትኩሳት ብርክ፣ የመሬት መናወጥ፣ ሌላው ቀርቶ የሰካራም የጠዋት መንዘፍዘፍ።

«ይኸኛውን የባሌ ወንድም ነው ያስተማረኝ፤ በየቀኑ እያሳየ» አሉ።

አንድ ካርድ ቀረ፤ «ምክንያቱ ያልታወቀ መንቀጥቀጥ» ይላል።

ባርብረ ቢላዋውን አስቀመጡ። «ስምስ አለው። ግን ፌስቲ የሸርጣን ወጥመዱን ሊያነሣ ወጥቷል። የቤት ሰው ባሕር ላይ እያለ አይጠራም። ልጄ ይመለስና እነግርሻለሁ።»

«እማማ፣ መርከቤ በአሥር ሰዓት ይሄዳል። ደግሞ እኮ ሳይንስ ነው።»

«ሳይንስ ዋና ይችላል?»

«እሺ አይጥሩት። ይጻፉልኝ።»

መጻፍን የከለከለ ማንም አልነበረም። አሮጊቷ ጥቂት አሰቡና ካርዱ ላይ ጻፉት።

መጀመሪያ የተንቀጫቀጨችው ትንሿ የወተት ማንቆርቆሪያ ነበረች። ከዚያ መደርደሪያው ላይ ያለው ሳህን ሁሉ። ወለሉ ጸጥ ብሏል፤ ውጭም ነፋስ የለም።

«ሰርዢው!»

ሰረዘችው። ባሰበት።

«እሳት ውስጥ ልጣለው?»

«ልጄን ልታቃጥዪው ነው? ብዪው!»

ሙርን ካርዱን በላችው። ወፍራም ስለነበር በቀዘቀዘ ሻይ አወራረደችው። ሳህኖቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ።

አንድ ሰዓት ያህል ሁለቱም በሩን እያዩ ተቀመጡ። በመጨረሻ ፌስቲ እስከ አንገቱ ርሶ ገባ።

«ውሃው እንደ መስታወት ተኝቶ ሳለ ጀልባዋ እንደታመመ ውሻ ተንዘረዘረችና ጣለችኝ» አለ። «ድንቹ አልደረሰም እንዴ?»

እናቱ ፊቱን በሁለት እጃቸው ዳበሱት። ከዚያ ወደ ሙርን ዞሩ። ሙርን ሆዷን ይዛለች። እሷ አትንቀጠቀጥም፤ የሹራቧ ቁልፎች ግን ለብቻቸው ይንቀጫቀጫሉ።

ወደቡ ላይ መርከቡ ጮኸ። ቦርሳዋን አነሣች።

«ቁጭ በዪ» አሉ ባርብረ። «እዚያ መርከብ ላይ የሰው ልጆች አሉ።»

«እስከ መቼ?»

«እናቴ አንድ ቀን አምልጧት ጠርታው ሦስት ክረምት ባሕር አልተሻገረችም። የበላው ሰው ግን ሰምቼ አላውቅም» አሉና ድንች ጨመሩ፤ ለሦስት ሰው።