ያልተተረጎመ መርዶ

ጀነት ከዩኒቨርሲቲ ተመርቃ ሥራ ብታጣ አምበር ከተማ ካለው የአባቷ ሱቅ ገብታ ጨውና ሳሙና መሸጥ ከጀመረች ሰንብታለች። አንድ የልማት ድርጅት አስተርጓሚ ይፈልጋል ሲባል የሮጠችው ለዚህ ነው። የምታስተረጉምላት እንግዳ ናምቢ ትባላለች፤ ከኡጋንዳ የመጣች የግብርና ተማሪ ናት። ለመመረቅ ከአገሯ ውጭ የተግባር ልምምድ መሥራት ነበረባትና ዕጣዋ እዚህ ወደቀ። የቀበሌው ሰው «የውጭ አገር ተማሪ» ሲባል ነጭ ጠብቆ ኖሮ፣ ከመኪና የወረደች ቀን ከኋላዋ ሌላ ሰው ይወርድ እንደሆነ አሻግሮ ያይ ነበር። ናምቢ ነገሩ ሲገባት ከት ብላ ሳቀች።

ሥራዋ ከሴቶች ማኅበር ጋር ለዘር የሚሆን ድንች ማቆያ ቤት መሥራት ነበር። አጣና ትሸከማለች፣ ከሴቶቹ ጋር ጭቃ ትረግጣለች። የማኅበሩ መሪ ወለተ ሐዋርያት፣ ለሰው ቶሎ የማትገኝ ሴት፣ «ይቺስ የኛው ናት» አለች። ማደሪያዋ የጀነት አባት የሐምዱ ግቢ ነበር፤ ከጀነት ጋር አንድ ክፍል ይተኛሉ።

ክረምቱ ሊገባ ሲል መንገዱ ተዘጋ። ከማዶ ተኩስ ይሰማል፣ አውቶቡስ ቀረ፣ ኢንተርኔት ጠፋ፤ ስልክም ሲሻው ይሠራል ሲሻው ድርግም ይላል። እንዲህ ባለ ቅዳሜ ነው የሐምዱ ስልክ የጠራው። የድርጅቱ ሰው ከአዲስ አበባ ነበር። የናምቢ እናት ሞታለች፤ ትናንት ተቀብራለች። ወንድሟ ልጅቱን በስልክ ቢያጣት ወደ ቢሮው ደውሎ ነው።

«መንገድ ሲከፈት እናወጣታለን። እዚህ ስትደርስ ያገሯ ሰዎች ያረዷታል። እስከዚያው አንዳች እንዳትሰማ» አለና መስመሩ ተቋረጠ።

ሐምዱ ልጁን ከሱቁ ጓዳ አስገብቶ ነገራት።

«አባዬ፣ ዛሬውኑ እንንገራት» አለች ጀነት።

«መርዶ ድንጋይ ነው እንዴ የሚወረወር? እናት የላት፣ ዘመድ የላት፣ መሄጃ መንገድ የላት። ሰምታ ምን ልትሆን?»

«አባቷ ሲሞት ፈተና ላይ ነሽ ብለው ደብቀዋት ነበር። የደበቃትን አጎቷን እስከ ዛሬ አታናግረውም። በአፏ ነግራኛለች።»

ሐምዱ ሱቁን ዘጋ። ከዚያ የአጥቢያውን ቄስ ደምለውንና ወለተ ሐዋርያትን ሊያማክር ሄደ። ሲመለስ ሦስቱም በአንድ ቃል ተስማምተው ነበር፤ መንገዱ ይጠበቅ። ጀነትም ከሦስት ሽማግሌ ቃል መውጣት አልደፈረችም።

ከዚያ ወዲያ ያለው ቀን አልገፋ አላት። ናምቢ ትስቃለች፤ ጀነት ጥርሷን ታሳያለች። ናምቢ ስለ እናቷ ሙዝ እርሻ ታወራለች፤ ጀነት ራሴን አሞኛል ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ሴቶቹ ለናምቢ ከወትሮው የበለጠ ይሳሱላት ጀመር፤ ከባድ አያሸክሟትም፣ ያጎርሷታል። እሷም «ልሄድ ስለሆነ ነው አይደል?» ትላለች።

ረቡዕ ወለተ ሐዋርያት ዘንድ ሸማኔ መጣ። ናምቢ ጥበቡ ወይን ጠጅ የሆነ ጋቢ አንስታ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገች።

«ለትልቅ ሴት ይሆናል ወይ በይልኝ» አለቻት ጀነትን።

ጀነት ተረጎመች።

«ለማን ነው?» አለ ሸማኔው።

ናምቢ ይቺን ያህል አማርኛ ለምዳለችና ራሷ መለሰች። «ለናቴ።»

ወለተ ሐዋርያት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ፊቷን አዞረች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። «አይ ልጄን!» አለች።

«ምን አለች?» አለች ናምቢ። ጀነት ወደ ሸማኔው ዞር አለች። «ጀነት፣ ተርጉሚልኝ እንጂ!»

«እናትሽ አርፋለች» አለች ጀነት በእንግሊዝኛ። ድምፅዋ የራሷ አልመስል አላት።

ናምቢ ጋቢውን ከትከሻዋ አውርዳ በጥንቃቄ አጣጠፈችው።

«መቼ?»

«ዓርብ ተቀብራለች።»

«አንቺ መቼ ሰማሽ?»

«ቅዳሜ።»

ናምቢ ጋቢውን ለሸማኔው መልሳ ሰጠችው።

ሰው ተጠራርቶ መጣ። ክርስቲያኑም እስላሙም ከወለተ ሐዋርያት ደጅ ተቀመጠ፤ ቄስ ደምለው ፍትሐት አደረሱ፣ ሐምዱ ከወንዶቹ ጋር አንገቱን ደፋ። ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ አለቀሱ። ናምቢ ብቻ ዓይኗ ደርቆ መሐላቸው ተቀምጣ ነበር። ወለተ ሐዋርያት ተነሥታ ሙሾውን አወረደችው፤

«የሰው አገር ድንች ስትተክይ ውለሽ፣
የእናትሽን አፈር ሳትመልሺ ቀረሽ።»

ልቅሶው ናረ። ናምቢ ወደ ጀነት ጆሮ ጠጋ አለች። «አሁንስ ምን አለች? እንዳትደብቂኝ።»

ጀነት ቃል በቃል ነገረቻት። ያን ጊዜ ናምቢ በግንባሯ መሬት ላይ ተደፋች፤ ከእሷ የሚወጣው ድምፅ በቦታው የነበረውን አልቃሽ ሁሉ ዝም አሰኘ። ጀነት ልታነሣት እጇን ብትዘረጋ በክርኗ ገፋቻት። ያነሧት ሴቶቹ ናቸው።

መንገዱ የተከፈተው ከዚያ በኋላ ብዙ ቀን ቆይቶ ነው። ናምቢ ከሐምዱ ግቢ ወጥታ ወለተ ሐዋርያት ዘንድ ከረመች። የድርጅቱ መኪና ሲመጣ ሴቶቹ እስከ አስፋልቱ ሸኟት፤ አንድ በአንድ እያቀፈች ሳመቻቸው። ሐምዱንም እጁን ሳመች። ጀነት ዘንድ ስትደርስ ቆመች።

«እነሱ አገራቸው ነው፣ ልማዳቸው ነው። አልተቀየምኳቸውም» አለች። «አንቺን ግን ስለ አባቴ ነግሬሽ ነበር። እዚህ አገር ጆሮዬ አንቺ ነበርሽ።»

መኪናው ወደ ሉማሜ አቅጣጫ ሲነሣ ወለተ ሐዋርያት «ምን አለችሽ?» ብላ ጠየቀች።

«ተቀይማኛለች፣ እትዬ ወለተ።»

«ሐዘኑ ነው፣ ልጄ። ይወጣላታል።»

ኢንተርኔት ሲመለስ ጀነት ረጅም መልእክት ጻፈችላት። መነበቡን አየች፤ መልስ ግን አልመጣም። በሌላው ዓመት ድርጅቱ ደወለ፤ ሌላ ተማሪ ስለሚመጣ አስተርጓሚ ይፈልግ ነበር። ጀነት «ሌላ ሰው ፈልጉ» አለች። ሐምዱ በሱቁ ማዶ ቆሞ ይሰማታል፤ ለምን ብሎ ግን አልጠየቃትም።