ከታኦታ የተደበቀው ማዕበል

ጥርት ያለው ሰማይ ነው ያታለለን የሚሉ አሁንም አሉ። ውሸት ነው። ያታለለን ባኩዋ ነው።

ባኩዋ የደሴታችን ምክር ቤት ሊቀመንበር ነበር። በማዶዋ ትንሽ ደሴት ያሠራው ቤተ ክርስቲያን በሚመረቅበት ቀን ከዋና ከተማው እንግዶች መጥተው፣ አሳማው ታርዶ፣ መዘምራኑ ነጭ ለብሰው ጀልባ ይጠብቁ ነበር። ወደ ማዶ የሚሻገር ጀልባ ደሴቱን በከበበው የኮራል ድንጋይ አጥር መካከል ባለው መተላለፊያ ማለፍ አለበት። ውቅያኖሱ በቀጥታ የሚገባው በዚያ ነው።

የሬዲዮ ቤቱ ሠራተኛ ቲየም የጠዋቱን የባሕር ትንበያ ተቀብሎ ወደ ባኩዋ ሮጠ። ባኩዋ የእናቱ ወንድም ነው።

«አጎቴ፣ ሩቅ ቦታ የተነሳ ማዕበል በሰሜን ምዕራብ በኩል እየመጣ ነው። ትንንሽ ጀልባዎች እንዳይሻገሩ ተብሏል። በድምፅ ማጉያው ልናገር?»

ባኩዋ ባሕሩን አየና ሳቀ። «የታለ ማዕበሉ? ሕፃን የሚታጠብበት ውሃ አይመስልም? ይልቅ እንግዶቼን አታስበርግግብኝ። ከምርቃቱ በኋላ ትናገራለህ።»

ቲየም ማጉያውን ሳይከፍት ወደ ሬዲዮ ቤቱ ተመለሰ።

ከመዘምራኑ አንዷ የመንደራችን ልጅ የሮቲያ ታናሽ እህት ታኦታ ነበረች። ሮቲያ ሣሩ ላይ ተቀምጣ የአበባ ጉንጉኗን ስታስተካክልላት፣ «ድምፅሽን ቀነስ አድርጊ፤ ሌሎቹም ይሰሙ እንጂ» ብላ አሾፈችባት። ታኦታ ምላሷን አውጥታባት ጀልባው ላይ ዘለለች።

ነፋስ የሚባል ነገር አልነበረም። ጀልባው መተላለፊያው አፍ ላይ ሲደርስ ውሃው ከሥር አበጠና እንደ ግድግዳ ቆመ። እኛ ከባሕሩ ዳር እያየን ጀልባው ተገለበጠ። ዓሣ አጥማጆች በታንኳ ደርሰው ኮራል የቧጠጣቸውን ሴቶች አንድ በአንድ አወጡ። ታኦታን ግን ያገኟት ሬሳዋን ነው።

በማግስቱ መላው መንደር በማኔያባ፣ በትልቁ የስብሰባ አዳራሻችን ተሰበሰበ። አስከሬኑ በምንጣፍ ተጠቅልሎ መሐል ተጋድሟል። ባኩዋ ተነሳ።

«የፈጣሪ ፈቃድ ነው። ባሕሩ ሳያስጠነቅቅ መጣብን...»

«አስጠንቅቋል!» ቲየም ነበር። «ማለዳ ሰምቼ ነግሬህ ነበር። አትናገር አልከኝ።»

ሮቲያ ከእህቷ ራስጌ ተነሳች።

«ሴትዮ፣ ተቀመጪ» አለ ባኩዋ። «እዚህ የሚናገር ሽማግሌ ነው።»

«ይቺ ተጋድማ እኔ ልቀመጥ? እንግዶችህ እንዳይደነግጡ ነው አይደል? በል ጥራቸው! ይምጡና ፊቷን ይዩ! ለነሱ ድግስ ነው የገደልካት!»

«አፍሽን ያዢ!»

«አልይዝም! ትናንት የአንድ ሰው አፍ ይዘህ ያደረግከው ይበቃሃል!» ከዚያ ወደ ቲየም ዞረች። «አንተስ? ያን ሁሉ ሰው ጀልባ ላይ ስታይ ምላስህን የት ጣልከው? አጎቴ ነው ብለህ ነው? እሷስ ምንህ ነበረች? አብራህ አላደገችም?»

ቲየም ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ማንም አላጽናናውም።

ከቀብሩ በኋላ ባኩዋ የሚሳሳለትን ትልቅ አሳማና አዳዲስ ምንጣፎች ለሮቲያ ካሳ ብሎ ላከላት። ሮቲያ አሳማውን በገመዱ እየጎተተች መንደሩን አቋርጣ ደጁ ድረስ ወሰደችው። «ሥጋ በሥጋ አልለውጥም!» ብላ ገመዱንም ምንጣፎቹንም ወረወረችለት። አሳማው የባኩዋን አትክልት ሲያተራምስ ጎረቤት ሁሉ ቆሞ አየ፤ ማንም አልያዘለትም።

ሽማግሌዎቹ ተማክረው የባኩዋ ቤተሰብ በማኔያባ ከአያቶቹ ጀምሮ በሚቀመጥበት ሥፍራ እርሱ ዳግም እንዳይቀመጥ ፈረዱ። አሁን ስብሰባ ሲኖር ከጣሪያው ክፈፍ ውጭ፣ ዝናብም ቢሆን፣ ቆሞ ያዳምጣል። ትንበያው ደግሞ ማንም ሳይጠየቅ፣ እንደመጣ ለሕዝብ ይነበባል።

ቄሱ ሮቲያን ባኩዋን ይቅር እንድትል ሊለምኗት ሄደው ነበር። ዓሣ እየበለተች ነበር፤ ቢላዋዋን አላስቀመጠችም።

«አባቴ፣ እርስዎን አከብራለሁ» አለቻቸው። «ግን ገና ተናድጄ አልጨረስኩም።»

ቄሱም ትንሽ አጠገቧ ተቀምጠው ሄዱ።