የፍሪጅ ሠሪው ቤት ፍሪጅ

«ኧረ ይሄ ፍሪጅ ውስጡ ጨለማ ነው!» አለች የሟቹ እህት፣ ለለቀስተኛ የሚቀርብ ውሃ ፍለጋ ግማሽ አካሏን ፍሪጁ ውስጥ ከታ። «የፍሪጅ ሠሪ ቤት ፍሪጅ መብራት የለውም? ጉድ እኮ ነው!»

ሳሎን የተቀመጠው ሁሉ ሰማ። ሚስቲቱ አንገቷን ደፋች። ባሏ ከሞተ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ሰው ቤት ፍሪጅ ከግድግዳ ስቦ ሲያዞር ልቡ ቀጥ ብላ ቀረች። ከዚያ ወዲህ አንዲት እንባ ጠብ አላለችላትም። ሰዉ «ድንጋጤ ነው» ይላል። ድንጋጤ አይደለም፤ ቅናት ነው።

ደግሞስ ለምን አትቀና? የመጣው ሁሉ «እግዜር ያጽናሽ» ብሎ ገና በቅጡ ሳይቀመጥ ስለ ራሱ ፍሪጅ ማውራት ይጀምራል። ዳቦ ጋጋሪው «ስደውልለት ሻዩን ሳይጨርስ ነው የደረሰልኝ» አለ። ጡረተኛዋ አስተማሪ «ለእኔማ ልጄ ነበር» ብላ ተንሰቀሰቀች። እሷ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ «መብራቱን ሥራልኝ» ባለች ቁጥር መልሱ «ዕቃው ከገበያ ጠፍቷል» ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ወተት ስትፈልግ እጇን ቅቤ ውስጥ ስትከት ኖረች። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ የሚባለውን ያ ሰው ሰምቶት አያውቅም። አሁን ደግሞ አገሩ ሁሉ ባሏን እንደ ውርስ ዕቃ እየተከፋፈለው መሰላት፤ ለእሷ የደረሳት ጨለማ ፍሪጅ ነው።

ከሁሉም የባሰችባት በር አጠገብ የተቀመጠችው ልብስ ሰፊ ናት። የልብስ ሰፊዋ ሱቅና የባሏ የጥገና ሱቅ ግድግዳ ይጋራሉ። ሴትዮዋ ሦስት ቀን ሙሉ ከሚስት በላይ አለቀሰች። ባሏን «ጋሼ» ነበር የምትለው፤ ጋሼ ማለት ምን ይከለክላል?

አንድ ቀን ባሏ ነጭ ሸሚዙ ላይ በሰማያዊ ክር የተሰፋ ቁልፍ ይዞ ቤት ገባ።

«ማን ሰፋልህ?»

«ጎረቤቴ ናት። ተበጥሶ አይታ ነው።»

ሸሚዙን እስኪያወልቅ ጠበቀችና ቁልፉን በጥርሷ በጥሳ በነጭ ክር መልሳ ሰፋችው። በማግስቱ ሲለብሰው አየ። ፈገግ አለ።

«እስቲ እኔ ልየው» ብሎ ተነሣ የባሏ የሥራ ባልደረባ። ለቅሶ ቤት እንኳ ካቻቪቴ በኪሱ ይዞ የሚመጣ ሰው ነው። ሚስቲቱ ተከትላው ወጥ ቤት ገባች። የፍሪጁ በር ሲዘጋ የሚጫናትን ትንሿን ማብሪያ በጣቱ ጫን ለቀቅ አደረጋት። «ይቺ ደህና ናት» አለና የመብራቱን ክዳን ፈታ። ጎንበስ ብሎ ወደ ውስጥ አየ።

«ምን ሆነ?»

«እትዬ፣ አምፖሉ አልተቃጠለም። የለም። ሰው ፈትቶ ወስዶታል።»

«ማን ይወስደዋል?»

መልሱ ከኋላዋ መጣ። ልብስ ሰፊዋ ብርጭቆ ልትመልስ መጥታ ደጃፉ ላይ ቆማለች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«እትዬ፣ እኔ ጋ ነው» አለች።

የሟቹ እህት የውሃውን ጠርሙስ እንደታቀፈች ቀረች።

«የሙሽራ ልብስ ይዤ የስፌት መኪናዬ አምፖል ተቃጠለ» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ልብሱ ለማግስቱ ነው የሚፈለገው፣ ሱቁ ሁሉ ተዘግቷል። ጋሼ እቤታቸው ደርሰው ይዘውልኝ መጡ። ከየት እንደፈቱት የነገሩኝ በኋላ ነው።»

«የፍሪጅና የስፌት መኪና አምፖል እኮ አንድ ነው» አለ ባልደረባው፣ ሙያ ከተነሣ ዝም ማለት አይችልም። «ደግሞም ያ ዓይነቱ እውነትም ከገበያ...»

«አንተ ዝም በል!» አለች ሚስቲቱ። የራሱን ቤት አጨልሞ የሰው ቤት አበራ! «ታዲያ ለምን አልመለስሽም?»

«ልመልስ ብዬ ነበር። ‹የት ነበር ብትለኝ ምን እላታለሁ? አንቺ ጋ ነበር ካልኳት ቤቱ ይቃጠላል› አሉኝ።»

«ይፈራኝ ነበር ማለት ነው?»

ልብስ ሰፊዋ አመነታች። «ፍርሃት እንኳ አይመስልም፣ እትዬ። እየሳቁ ነው የሚያወሩት። የቁልፉንም ነገር ለመጣው ደንበኛ ሁሉ ነግረዋል፤ ‹በጥርሷ በጠሰችው!› እያሉ። ሰው በቤቱ፣ በመኪናው ይኩራራል። እሳቸው ‹እኔን ሽበታሙን፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የምትቀናብኝ ሴት አለችኝ። እናንተ ማን አላችሁ?› ነበር የሚሉን።» ብርጭቆውን አስቀመጠች። «እኔ ባሌ ሲሄድ ዞር ብሎ እንኳ አላየኝም። በእርስዎ ስቀና ነው የኖርኩት።»

ሚስቲቱ ፍሪጁን ተደገፈች። ደብቄዋለሁ ብላ ስትኖር፣ እሱ ቅናቷን በየሱቁ ይዞት ሲዞር፣ ሲኮራበት ኖሯል። ሦስት ቀን ሙሉ ባሏ የሞተ ያልመሰላት ስለምትቀናበት ነበር፤ በሞተ ሰው ማን ይቀናል? አሁን የምትቀናበት አጣች፤ ባሏም የዚያን ሰዓት ሞተባት።

«እንዴት ነበር ያለው?» አለች። «ልክ እሱ እንዳለው አድርገሽ በይው።»

ልብስ ሰፊዋ ድምጿን ጎርነን፣ አገጯን ቀና አደረገች። «‹እናንተ ማን አላችሁ?›»

ያን ጊዜ የሚስቲቱ እንባ መጣ። ልብስ ሰፊዋ ልትደግፋት ጠጋ ስትል አልገፋቻትም። የሴትዮዋን ሻርፕ ጫፍ ሳብ አድርጋ ፊቷን ጠረገችበትና፣ «አምፖሉን ግን ነገ ይዘሽ ትመጫለሽ» አለቻት። ሻርፑን አልለቀቀችም።