ጥሬና ብስል

ባሌ ቶኩጂ ሣር አዋቂ ነኝ ባይ ነው። እዚህ ምሥራቅ ሆካይዶ ደሴት፣ ሰኔን ሙሉ የባሕሩ ጉም ላሞቻችንን በሚውጥበት ሰፈር፣ የመስክ ኮሚቴ ሊቀመንበር ሆኖ አሥራ አንድ ዓመት ተቀምጧል። ሥራው መናገር ነው። ጎረቤታችን እትዬ ሺጌ ባሏ በሞተ በዓመቱ ሰማንያ ላሞቿን ወደ አርባ ዝቅ አድርጋ፣ ማዳበሪያ መግዛት ትታ፣ እበቱን ከገለባ ጋር እየከመረች ማገላበጥ ስትጀምር ደግሞ ወሬ ሞላለት።

«ሐዘን ናላዋን አዙሮታል» አለ ስብሰባ ላይ፣ እሷው ፊት። «መሬት ሳያበሏት ታበላለች እንዴ?»

ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

«እያበላኋት እኮ ነው፣ ሊቀመንበር» አለች ሺጌ። «እኔ ብስሉን ነው የምሰጣት። እርስዎ ጥሬውን ነው የሚደፉባት።»

ሁለት በጋ ሣሯ ሳሳ፤ ወተቷም ቀነሰ። ቶኩጂ በመኪና በደጇ ሲያልፍ ዝግ ብሎ ጥሩምባ ይነፋል። ትልቅ ሰው፣ የልጅ ልጅ ያየ! በሦስተኛው ዓመት ግን ነጩ ማገጥ፣ ያ ላም የሚወደው ባለ ሦስት ቅጠል ሣር፣ መስኳን ሞላው፤ የከብት ሐኪሙም ደጇን ረሳው። እኛ ቤት ከልጆቻችን ይልቅ እሱ ነበር የሚመላለሰው።

በአራተኛው ጸደይ ቶኩጂ ነገሩን ልቋጨው ብሎ ከከተማ የአፈር ባለሙያ አስመጣ። ጭቃ የማያውቅ ቦት ጫማ የተጫማ ሰው ነው። የኮሚቴው ወንዶች በሙሉ ተከተሉት፤ እኔም ሄድኩ። መጀመሪያ የእኛ መስክ ተቆፈረ። አካፋው አንድ ጋት ገብቶ ቀጥ አለ። ባለሙያው በሁለት እግሩ ቆሞበት ዘለለ።

«ድንጋይ ይሆናል» አለ ባሌ።

ፈቀቅ ብለው ሞከሩ። እዚያም ቀጥ አለ።

«መስኩ ሁሉ ድንጋይ ነው እንዴ፣ ሊቀመንበር?» አለ አንዱ ከኋላ።

ድንጋይ አልነበረም። በእርጥቡ መሬት ላይ ባሌ ጥሬውን እበት የሚደፋበት ቦቴ ሲመላለስ የደቀደቀው አፈር ነው። ያምና እበት ሳይበሰብስ ከሥሩ ተጋግሮ ይሸታል።

ቀጥሎ ወደ ሺጌ መስክ ተሻገርን። እሷ ግን የሰባ ዓመት ሴት ሆና በአንድ እግሯ ገፋ ብታደርገው አካፋው እስከ እጀታው ሰመጠ። የወጣው አፈር ጥቁር፣ ፍርፍር ያለ፣ ትል የሚርመሰመስበት ነው።

ባለሙያው ደብተሩ ላይ ጻፈና «ልዩ ሁኔታ ነው» አለ።

«ምኑ ነው ልዩ?» አለች። «መሬቱ ሳይደርቅ ትራክተር አለማስገባቴ?»

ባለሙያው ቦት ጫማውን በሣር እየጠረገ ሄደ።

ማታ ቶኩጂ ሾርባውን ሳይነካ «አካፋው ደነዝ ነበር» አለኝ።

«ሁለቱንም ቦታ የቆፈረው አንድ አካፋ ነው» አልኩት። «ደነዙ ሌላ ነው።»

በማግስቱ ሺጌ ዘንድ ሄጄ አስተምሪኝ አልኳት። ስለዚያ ሳቄ አንድም ቃል አልተናገረችኝም፤ መንሽ ሰጥታኝ ክምሩን አሳየችኝ። ከዚያ ወዲህ ቦቴው ቆሟል፤ ማዳበሪያውን ከግማሽ በላይ ቀንሰናል። ዘንድሮ የእኛም መስክ ትል ማውጣት ጀምሯል።

ታዲያ ያ ባሌ ባለፈው ስብሰባ ተነሥቶ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ለዓመታት ስመራመርበት የቆየሁት ዘዴ...»

ሺጌ እጇን አወጣች። «ሊቀመንበር፣ ክምሩ በስንት ጊዜ ነው የሚገላበጠው?»

ቶኩጂ ዞሮ አየኝ። እኔ መስኮቱን አየሁ።

«እንደ... እንደ ሁኔታው» አለ።

መንሹን አንድ ቀን ነክቶት አያውቅም።