ዘጠኝ ቅባት፣ ሦስት ስኳር

ክሊኒኩ ስኳሯም ቅባቷም ከፍ ማለቱን በነገራት ማግስት፣ የልጇ ሚስት ዙሌይካ የሀቢቦን የብስኩት ቆርቆሮ አንስታ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበት። ሀቢቦ በሰባ ሦስት ዓመቷ ሞትን አትፈራም፤ የጠዋት ሻይዋን ያለ ብስኩት መጠጣት ግን ያስፈራታል። ባዶ ሻይ ለታሰረ ሰው ነው ባይ ናት። ዙሌይካ ደግሞ ኮሌጅ የጨረሰች፣ ስትቆጣ እንኳ እንደ ራዲዮ የተስተካከለች ሴት ናት።

ክርክሩ ሦስት ቀን ፈጀ። በመጨረሻ ተዋዋሉ። ሱፐርማርኬት አብረው ሊሄዱ፣ እያንዳንዳቸው አንድ ፓኬት ሊመርጡ፣ ቅባቱና ስኳሩ ያነሰው ሊያሸንፍ። ሀቢቦ ካሸነፈች ብስኩቷን ትበላለች፣ ማንም አይቆጥርባትም። ከተሸነፈች እስክትቀበር ድረስ ሻይ ባዶውን። ዙሌይካ ቶሎ እሺ ያለችው አማቷ ፊደል እንደማትለይ ስለምታውቅ ነው። አማቷም ፈገግ ያለችው ዙሌይካ ሁሉን እንደማታውቅ ስለምታውቅ ነው።

ሀቢቦ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስኳርና የምግብ ቅባት በድንበሩ አሻግራለች፤ አንዳንዱን በኬላው፣ አንዳንዱን በቁጥቋጦው በኩል። የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጣ አታውቅም። ነገር ግን ጆንያው ላይ ስኳር የሚለውን የእንግሊዝ ጽሕፈት፣ ካርቶኑ ላይ ቅባት የሚለውን ሦስት ፊደል፣ የልጆቿን ፊት በምትለይበት ዓይን ትለያለች። ጆንያ የማትለይ ነጋዴ ስኳር ብላ ሲሚንቶ ተሸክማ ትገባለች። ቁጥርማ የማን ነው፣ የነጋዴ አይደለም እንዴ? እንግዲህ በዚህች ዓለም ላይ የምታነበው ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ ክሊኒኩም የከለከላት እነዚያኑ ሁለቱን።

ጓደኛዋ ጣይባ ይህን ሳላይማ አልሞትም ብላ ከቡቲዬ ሰፈር በቦዳ ቦዳ ሞተር ተፈናጥጣ መጣች። መደርደሪያው ጋ ሲደርሱ ዙሌይካ በወዲያኛው በኩል ሄደች፤ ሁለቱ አሮጊቶች በአንድ መነጽር እየተፈራረቁ በወዲህኛው ቀሩ። ሀቢቦ ፓኬት ትገለብጣለች፣ ሁለቱን ቃላት ትፈልጋለች፣ ጎናቸው ያለውን ቁጥር ታያለች። ሠላሳ ስኳር ያለውን ይኼ ብስኩት ሳይሆን የሰርግ ቤት ነው ብላ መለሰችው። ቅባቱ ሃያ ስድስት የሆነውን ለፀጉርሽ ውሰጂው ብላ ለጣይባ ሰጠቻት። ጣይባ መደርደሪያውን ተደግፋ በሳቅ ተንፈራፈረች፤ ዘበኛው ሁለቴ መጥቶ አይቷቸው ሄደ። በመጨረሻ አንድ ቀጭን፣ ደረቅ፣ ጨው የተነሰነሰበት ተገኘ። ቅባት ዘጠኝ፣ ስኳር ሦስት።

ዙሌይካ አረንጓዴ ቅጠል የተሳለበት፣ በስዋሂሊ ጤና ተብሎ የተጻፈበት ፓኬት ይዛ መጣች። ቅባት አራት፣ ስኳር ሁለት፣ ብላ አነበበች።

የጣይባ ሳቅ ቀጥ አለ። ለሀቢቦ ባዶው ሻይ ፊቷ ላይ ሲተን ታያት። ጣይባ ሐዘን ሲገባት አፏ ሥራ ይፈልጋል፤ ማንም ሳያያት የዙሌይካን ፓኬት ቀዳ አንዱን ብስኩት ገመጠች። ዙሌይካ ሳይከፈልበት እንዴት ይበላል ብላ ስትቆጣት፣ ሀቢቦ ግን የጓደኛዋን ጣት ይዛ ወደ መብራቱ አዞረችው። በቅባት ያብለጨልጫል።

«ይኼ አራት ቅባት የነካው ጣት አይደለም» አለች። «አንቺ፣ አራቱ የምኑ ነው?»

«የቅባቱ ነዋ፣ አኮ» አለች ዙሌይካ፤ አያቴ ማለቷ ነው።

«ቅባቱንማ አየሁ። የአንድ ፍየል ዋጋ ነው ወይስ የመንጋው?»

ዙሌይካ ደቃቁን ጽሕፈት አነበበች። ደግማ አነበበች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የእሷ አራት የሃያ ግራም፣ የሦስት ፍሬ ብስኩት ብቻ መሆኑን፣ የአማቷ ዘጠኝ ግን የመቶ ግራም መሆኑን ተናገረች።

ሀቢቦ አምስት ጣቷን ዘረጋች። «አምስት ጊዜ። ሃያ ቅባት፣ አሥር ስኳር። ጎዶማ ገበያ እንዲህ አድርገሽ ብትሸጪ በዱላ ነበር የሚሸኙሽ።»

ዙሌይካ ልትቆጣ ፈልጋ ነበር፤ አፏን በሻሿ ያዘች፣ ሳቁ ግን በአፍንጫዋ ወጣ። ዘበኛው ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ሦስቱም እንባቸውን እየጠረጉ አገኛቸው። ዙሌይካ ማን ማንበብ አስተማረዎት ብላ ብትጠይቃት፣ ሀቢቦ ጆንያ ነዋ ብላ ወደ መክፈያው አቀናች።

እዚያ ስትደርስ ዓይኗ ዙሌይካ ዘንቢል ውስጥ ገባ። ከሳሙናው ሥር ክሬም የተቀባ የቸኮሌት ብስኩት ተሸሽጓል። አወጣችው፣ ገለበጠችው። መጀመሪያ የመቶ ግራም መሆኑን ራሷን ዙሌይካን አስነበበቻት። ከዚያ እስከ በሩ በሚሰማ ድምፅ፣ «ሠላሳ ስምንት ስኳር» አለች።

ዙሌይካ ለቢሮ ነው ብላ አጉተመተመች።

ሀቢቦ ቸኮሌቱን ለጣይባ አቀበለቻት፤ ወደ ቦታው እንድትመልሰው፣ ሳትከፍተው። የራሷን ፓኬት ብብቷ ሥር ሸጎጠች።

«ከእኔ ትበያለሽ» አለቻት። «ለአንቺ ግን ቆጥሬ ነው የምሰጥሽ።»