ቀላል ጉድለት

ከጀሶው ጫፍ ብቅ ያሉትን የአክስቴን ጣቶች አንድ በአንድ እየያዝኩ ጥፍሯን እቆርጣለሁ። ቀኝ እጇ ከክርኗ እስከ መዳፏ ታስሯል። ጣቶቿ አብጠው ስለነበር እስከ ዛሬ ማንም ሊነካቸው አልደፈረም። ጉልበቴ ላይ ጋዜጣ ዘርግቻለሁ፤ የተቆረጠው ጥፍር ወረቀቱ ላይ ጠብ ሲል ይሰማል።

«ቀስ በይ» አለች። «ጥፍር ነው ያልኩሽ፣ ጣቱን ተይልኝ።»

«አመመሽ እንዴ እቴቴ?»

«አላመመኝም። ከመጣሽ ጀምሮ ቀና ብለሽ አላየሽኝም። ምን ሆነሻል?»

«ምንም።»

አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት። አራተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል አላት፤ የስፌት መኪናዋ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ሃያ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ከዘጠኝ ቀን በፊት ክርና ገበር ገዝታ ስትመለስ፣ ሊፍቱ የገዛ ፎቋ ላይ ትንሽ ዝቅ ብሎ ቆመ። በሩ ሲከፈት የወለሉ ጠርዝ ከእግሯ ፊት እንደ አጭር ደረጃ ቀርቶ ነበር። የጫማዋ አፍንጫ እሱን መታው፤ በእጇ ላይ ወደቀች።

ለጠያቂ ሁሉ ግን እንዲህ አልነበረም የምትናገረው። «ዓይኔ ነው» ትላለች። «እንደ ሙሽራ ሽቅብ እያየሁ ስራመድ!» ሰው ይስቃል። እኔም ከሰው ጋር ስቄያለሁ፣ ሁለት ጊዜ።

ልጇ ግን አልሳቀም። «ከእንግዲህ ብቻሽን አትኖሪም» ብሎ ቆረጠ። ቅዳሜ መኪና ይዞ መጥቶ ወደ ቤቱ ሊወስዳት ነው። የሚሰጣት ክፍል ልጆቹ የሚያድሩበት ነው፤ የስፌት መኪናው አይገባም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ከቤት ታባርረው ነበር። አሁን ግን እሺ አለች። «እግሬ የት እንደሚያርፍ ማየት ካቃተኝ ምን አፍ አለኝ?» አለች። ዛሬ ሐሙስ ነው።

የህንጻው ጥበቃ በሩን ቆርቆር አድርጎ ገባና ቆሞ ጠየቃት።

«እማማ፣ እንዴት ዋሉ? ሕመሙ ተሻለዎ?»

«ደህና ነኝ። እጄ ሰነፈ እንጂ አፌ ይሠራል።»

«እኔ እኮ ተናግሬ ነበር! ሊፍቱ ዝቅ ማለት ሲጀምር ለሚጠግነው ድርጅት ቅጽ ሞልተን ላክን። ‹ቀላል ጉድለት› የሚል ማኅተም መትተው መለሱልን። ቀላል! እስቲ መጥተው እነሱ ይውደቁበት።»

«ተው አንተ፤ ይቺ ልጄ እዚያ ነው የምትሠራው። ጠንቃቆች ናቸው። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ጥበቃው ወደ እኔ ዞሮ አንገቱን ሰበረ። «ይቅርታ እህቴ፣ አንቺን ማለቴ አይደለም።»

«ምንም አይደል» አልኩት። ማለት የነበረበት ግን እኔን ነው።

ማኅተሙን የመታሁት እኔ ነኝ። መሥሪያ ቤታችን የአርባ ህንጻ ሊፍት ይጠግናል፤ ውሎቹን የማረቅቀው እኔ ነኝ፤ የብልሽት ቅጽ ሲመጣም ከውሉ ጋር አስተያይቼ የምለየው እኔው ነኝ። በውሉ ሰባተኛ አንቀጽ ሥር ሠንጠረዥ አለ። ሊፍቱ ጨርሶ ከቆመ፣ ሰው ከተዘጋበት፣ በሩ ክፍት ሆኖ ከተንቀሳቀሰ፣ ወይም ከወለሉ ከአምስት ሳንቲ ሜትር በላይ ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ከቆመ «ከባድ ጉድለት» ነው፤ በዕለቱ ይጠገናል። የቀረው ሁሉ «ቀላል ጉድለት» ነው፤ ሠላሳ ቀን ይጠብቃል። ኃላፊዬ ያን ገጽ ሲያነቡ «ንጹሕ ነው፤ የሚያከራክር ቃል የለውም» ብለውኝ ነበር። ደስታዬ ለሳምንት አልለቀቀኝም።

የአክስቴ ህንጻ ቅጽ ሲመጣ አድራሻውን አይቻለሁ። አራት ሳንቲ ሜትር ይላል። ለዘመድ ብዬ ደንብ አላጣምም አልኩ በልቤ፣ ማኅተሙንም ስመታ ራሴን አከበርኩ። አሁን ሳስበው ፊቴን የሚያቃጥለኝ ከሁሉ በላይ ያ ክብር ነው።

እሷ ከወደቀች በኋላ ጥገና ክፍል ያለው ባለሙያ ማንንም ሳያስፈቅድ ሄዶ ሊፍቱን አስተካከለው። «ውሃ ልክ» ነው የምንለው፤ ቀጥነት የሚለካበት መሣሪያ ከኋላ ኪሱ ስለማይለይ፣ ቢሮ ውስጥ የተንጋደደ ሥዕል ካየም ሳያቀና ስለማያልፍ። ሰኞ ዕለት ሻይ ሲጠጣ አገኘሁት።

«አምስት ሳንቲ ከየት መጣ?» አልኩት።

«እኔን ትጠይቂኛለሽ? ጸሐፊዋ አንቺ!» ብሎ ሊስቅ ሲል ፊቴን አይቶ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «የዕቃ ሊፍት ቁጥር ነው እኮ። ለዕቃ መጋዘን የተጻፈ። የጋሪ ጎማ አምስት ሳንቲ ዘሎ ያልፋል። የሰው እግር ጎማ አለው እንዴ?»

«ለሰውስ?»

«እኔ ሁለት ካለፈ እንቅልፍ አይወስደኝም። ግን ማን ጠየቀኝ? ህንጻው ሲጠራኝ ሄድኩ፤ ቅጹ ቁጥር ጻፍ ይላል፤ ለካሁ፣ ጻፍኩ።»

ከመደርደሪያው የመጋዘኑን ውል አወጣሁ። ሥራ በጀመርኩ ወር የተሰጠኝ ነው። ሠንጠረዡ ቁልጭ ብሎ አለ። እኔ ለህንጻዎቹ ውል እንዳለ ወስጄ «ዕቃ» የሚለውን ሁሉ «ተሳፋሪ» አድርጌያለሁ። አንድም አላመለጠኝም። ቁጥሩን ግን አልነካሁትም፤ ቁጥር ስለሆነ ትክክል መሰለኝ።

ወደ ኃላፊዬ ይዤው ገባሁ። ሁለቱን ገጽ ጎን ለጎን አድርገው ረጅም ሰዓት አዩት።

«ይሄን ስህተት ነው ብለን ከጻፍን ነገ አርባው ህንጻ ይጠራናል» አሉኝ። «ሁለቱም ወገን አንብቦ የፈረመው ነው። ውሉ ሲታደስ ድምፅሽን አጥፍተሽ ታስተካክያለሽ። አክስትሽን እግዜር ይማርልን።»

«እሺ» አልኳቸው። ሁለቱን ገጽ ይዤ ወጣሁ፤ እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።

ጥበቃው ወጥቶ በሩን ዘጋ። የመጨረሻውን ጥፍር ቆርጬ ጋዜጣውን ጠቀለልኩት። ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።

«እቴቴ፣ ዓይንሽ አይደለም የጣለሽ።»

«እና ምኔ ነው?»

«እኔ ነኝ።»

ነገርኳት። ስለ ማኅተሙ፣ ስለ መጋዘኑ፣ ስለ ጋሪው ጎማ፣ አድራሻዋን አይቼ እንደነበር ጭምር። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ አንገቷ ላይ የተንጠለጠለውን ሜትር በግራ እጇ ጎትታ፣ አራት ቁጥር ላይ በአውራ ጣቷ ያዘችና ወደ ዓይኗ አስጠጋችው።

«አራት ሳንቲ» አለች። «ሸሚዝ እጅጌው አራት ሳንቲ ቢጎድል፣ ደንበኛ ፊቴ ላይ ነው የሚወረውረው።»

ሜትሩን ለቀቀችው።

«የሌላ ልኬት ነው ያለበስሽኝ። ሳትለኪ ቆረጥሽ።»

«አዎ።»

«እሱስ ይሁን፤ እኔም አበላሽቼ አውቃለሁ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ዓይኔን ስረግም ግን ቁጭ ብለሽ ትሰሚኛለሽ? አብረሽኝ ትስቂያለሽ?»

ፊቴ እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋለ። እሷ በመስኮቱ ወደ ውጭ ማየት ጀመረች። ከታች አንድ ሰው መኪናውን ማስነሳት አቅቶት ደጋግሞ ይሞክራል። አራት ጊዜ ያህል ሞክሮ ተወው።

«እና አላረጀሁም?» አለች ሳትዞር።

«አርጅተሻል። ግን በእሱ አይደለም የወደቅሽው።»

ትከሻዋ ትንሽ ተነቃነቀ፤ ሳቋን ዋጠችው። «አታስቂኝ። ተቀይሜሻለሁ።»

«አውቃለሁ።»

«አታውቂም። ገና ነኝ።» ዞረችብኝ። «ለወንድምሽ፣ ለልጄ ንገሪው።»

«አሁን እደውልለታለሁ።»

«ስልክ አላልኩም። እሱ አፍ አያምንም፣ ወረቀት ነው የሚያምነው። ጻፊው። ለነዚያ ለአርባዎቹም ጻፊ፤ እዚያም የሰው እናት አለች።»

«እቴቴ፣ ከሥራ ሊያስወጡኝ ይችላሉ።»

«እኔን ቅዳሜ ከቤቴ ሊያስወጡኝ ነው።»

የስፌት መኪናውን በክዳኑ ሸፍኜ በላዩ መጻፍ ጀመርኩ። የመጀመሪያውን ስጨርስ መነጽሯን አድርጋ አነበበችው። «በጥገና ውሉ ሠንጠረዥ ላይ የቁጥር ስህተት መኖሩ ታውቋል» ይላል።

«ጥሩ ጽሑፍ ነው» አለች። «አንቺ የታለሽ እዚህ ውስጥ?»

ቀደድኩት። እንደገና ስጀምር ብዕሩ ቀለም የጨረሰ ይመስል ብዙ ቆየሁ። ከዚያ ለወንድሜም ለህንጻዎቹም የሆነውን ብቻ ጻፍኩ፤ ቁጥሩን ከመጋዘን ውል እንደገለበጥኩ፣ ለሰው ይሆን አይሆን ማንንም እንዳልጠየቅኩ፣ አራት ሳንቲ ሜትር የሚለውን ቅጽ «ቀላል» ብዬ እንደመለስኩ፣ አክስቴ የወደቀችው በዚህ እንጂ በዓይኗ እንዳልሆነ። ለህንጻዎቹ በሚሄደው ላይ ደግሞ፣ ሊፍታችሁ ከሁለት ሳንቲ ሜትር በላይ ዝቅ ወይም ከፍ ካለ ሠላሳ ቀን አትጠብቁ፣ በዕለቱ ጥሩን የሚል ጨመርኩበት። ነገ ጠዋት ኃላፊዬ ጠረጴዛ ላይ አንድ ቅጂ አኑሬ ነው የምልከው።

አክስቴ ሁለቱንም አነበበች። አላመሰገነችኝም፤ ይቅርም አላለችኝ። «የእሱን እዚህ ተይው፣ ሲመጣ ራሴ እሰጠዋለሁ» ብቻ አለች።

ሁለቱም ላይ ስሜን ጽፌ ፈረምኩ። የህንጻዎቹን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። የወንድሜን ደብዳቤ ፖስታ ውስጥ አድርጌ አሸግኩትና፣ በግራ እጇ በቀላሉ እንድትደርስበት ወደ ስፌት መኪናው ጠርዝ አስጠግቼ አስቀመጥኩላት።